በረዶ የመታው ጣሪያና የቤት ኢንሹራንስ፦ የኮሎራዶና የቴክሳስ አገልግሎት ሲመዘን

በኦሮራም ሆነ በዳላስ ዙሪያ ቤት የገዛ ሐበሻ ይዋል ይደር እንጂ የጣሪያ ክሌም (ለኢንሹራንስ የሚቀርብ የካሳ ጥያቄ) ይገጥመዋል። ኮሎራዶ ላይ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ኦገስት አጋማሽ፣ ሰሜን ቴክሳስ ላይ ደግሞ በተለይ በጸደይ ወራት የጎልፍ ኳስ የሚያህል በረዶ መውረዱ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 2017 በዴንቨርና በምዕራብ ጎረቤቶቿ ላይ የወረደው በረዶ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስከፍሏል፤ በሌክውድ የሚገኘው የኮሎራዶ ሚልስ የገበያ ማዕከል ጣሪያው ተበሳስቶ ውሃ ስለገባበት ለወራት ተዘግቶ ነበር።

እዚህ የሚመዘነው አንድ ኩባንያ ሳይሆን አገልግሎቱ ራሱ ነው፤ የጣሪያ ሽፋን ተብሎ የሚሸጠው ነገር ጉዳት ሲደርስ ምን ያህል ይሠራል? መልሱ እንደየደረጃው ይለያያል። ስልክ ማንሳትና ሰው መላክ ላይ ጥሩ ነው። ጉዳቱን በሙሉ ጽፎ ዋጋ ማውጣት ላይ ደካማ ነው፤ የመጀመሪያው ግምት ምንም ሳይጎድለው የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ብዙ ሰው ኪሱ የሚጎዳበት ነገር አድጀስተሩ (ጉዳቱን አይቶ እንዲገምት ኩባንያው የሚልከው ሰው) በር ሳያንኳኳ፣ ገና ፖሊሲው (የኢንሹራንስ ውሉ) ሲገዛ ያለቀ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ከፖሊሲው እንጀምር። ዴክላሬሽን የሚባለውን የመጀመሪያ ገጽ አውጡና የንፋስና የበረዶ ዲዳክቲብል የሚለውን መስመር ፈልጉ፤ ዲዳክቲብል ከጉዳቱ ወጪ ላይ ባለቤቱ ከኪሱ የሚችለው ድርሻ ነው። ለሌላው ጉዳት 1,500 ወይም 2,500 ዶላር ተብሎ ቁርጥ ያለ ቁጥር ሲጻፍ፣ ለንፋስና ለበረዶ ግን 1 ወይም 2፣ አንዳንዴም 5 በመቶ ይባላል። በመቶኛው የሚሰላው ከጉዳቱ ላይ አይደለም፤ ቤቱ ከተዋዋለበት አጠቃላይ የሕንፃ ሽፋን፣ ማለትም ከከቨሬጅ ኤ ላይ ነው። ቤታችሁ በ480,000 ዶላር ከተሸፈነ 2 በመቶው 9,600 ዶላር ነው፤ በየዓመቱ ሽፋኑ ከኑሮ ውድነት ጋር ሲጨምር ይኸም አብሮ ይጨምራል።

ቀጥሎ የሚታየው ጣሪያው በምን ዓይነት ዋጋ እንደሚከፈል ነው። አርሲቪ ከሆነ ኩባንያው አዲስ ጣሪያ የሚያስወጣውን ይከፍላል፤ የእርጅናውን ቅናሽ ግን ሥራው እስኪያልቅ ይይዘዋል። ኤሲቪ ከሆነ የእርጅናውን ቅናሽ ቀንሶ የተረፈውን ብቻ ይከፍላል። ሦስተኛው ዓይነት የክፍያ ሰንጠረዥ ያለው ነው፤ ጣሪያው በጨመረው ዕድሜ ልክ የሚከፈለው በመቶኛ እየወረደ ይሄዳል። የቤቱ ሌላው ክፍል አርሲቪ ሆኖ ጣሪያው ብቻ ኤሲቪ የሚሆንበት ተጨማሪ ወረቀት ከኋላ ተያይዞ ሊገኝ ስለሚችል የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይቶ መዝጋት አይበቃም።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ለጣሪያውና ለአሸንዳው የተገመተው 21,000 ዶላር፣ የእርጅናው ቅናሽ 40 በመቶ ነው እንበል። ቅናሹ 8,400 ይሆናል፤ 12,600 ይቀራል። ከዚህ ላይ 9,600 ዲዳክቲብል ሲነሳ የመጀመሪያው ቼክ 3,000 ዶላር ነው። ፖሊሲው አርሲቪ ከሆነ ሥራው ሲያልቅ የተያዘው 8,400 ይለቀቃል፤ ባለቤቱ ከኪሱ የሚያወጣው ዲዳክቲብሉን ብቻ ነው። ኤሲቪ ከሆነ ግን 3,000 ዶላሩ የመጨረሻው ነው፤ ቀሪው 18,000 የባለቤቱ ዕዳ ይሆናል። ዲዳክቲብሉ 1 በመቶ፣ ማለትም 4,800 ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ቼክ 7,800 ይደርስ ነበር። በረዶ በሚበዛበት አካባቢ ለሚኖርና ጣሪያው 10 ዓመት ላለፈው ቤተሰብ፣ በአረቦን ጥቂት መቶ ዶላር ለማትረፍ ብሎ ጣሪያን በኤሲቪ ማስገባት ደግ ግዢ አይደለም።

ሦስተኛው መታየት ያለበት የመልክ ጉዳትን የሚያስቀር አንቀጽ ነው። በረዶው ቆርቆሮ ጣሪያን፣ አሸንዳን ወይም የጣሪያ መተንፈሻን ጎድጓዳ ቢያደርገውም ውሃ እስካላስገባ ድረስ አይከፈልም ይላል። ክላስ 4 ለሚባለው በረዶ ለሚቋቋም ሺንግል (እየተደራረበ ጣሪያ ላይ የሚነጠፍ ቁራጭ ሽፋን) ኩባንያዎች የአረቦን ቅናሽ ይሰጣሉ፤ ሺንግሉ ይህን ደረጃ የሚያገኘው ዩኤል 2218 በተባለው ፈተና 2 ኢንች ስፋት ያለው የብረት ኳስ ከ20 ጫማ ከፍታ ተለቆበት ካልተሰነጠቀ ነው። ሺንግሉ ጥሩ ነው፤ ቅናሹም ጥሩ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ኩባንያዎች ቅናሹን ሲሰጡ ይህን አንቀጽ አብረው ያስፈርማሉ፤ ቅናሹን ከመቀበል በፊት ምን ወረቀት እንደተጨመረ ኤጀንቱን በጽሑፍ ጠይቁ።

በረዶ ወረደ፤ ወዲያው ክሌም ይከፈት? አይደለም። በመጀመሪያ ጉዳቱ ከዲዳክቲብሉ መብለጡ ይታይ። የተከፈተ ክሌም ባዶ ተከፍሎበት ቢዘጋም ክሉ በሚባለው፣ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች በሚያዩት የክሌም ታሪክ መዝገብ ላይ እስከ 7 ዓመት ሊቆይና ሌላ ኢንሹራንስ ስትፈልጉ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ከመሬት ሆኖ ማየት ይጠቅማል። አሸንዳውና ቁልቁል የሚወርደው ቱቦ ጎድጉዷል? የኤር ኮንዲሽነሩ ስስ የአሉሚኒየም ክንፎች ተጨፍልቀዋል? የመስኮት ወንፊት ተቀዷል? በእንጨት አጥርና በመልዕክት ሳጥን ላይ ነጣ ነጣ ያሉ የምት ምልክቶች አሉ? በቱቦው ጫፍ ሥር አሸዋ የሚመስል የሺንግል ቅንጣት ተከማችቷል? እነዚህን በቀኑ ፎቶ አንሱ፤ በእንጨትና በቀለም ላይ ያለው ምልክት በፀሐይና በዝናብ ቶሎ ይጠፋል፤ የጣሪያውም ጉዳት ከዚያ በረዶ ለመሆኑ ዋናው ደጋፊ ማስረጃ እሱ ነው።

የብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ከ2010 ጀምሮ ከባድ የሚለው 1 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን በረዶ ነው፤ ተራ የአስፋልት ሺንግልም በብዛት መጎዳት የሚጀምረው በዚሁ መጠን አካባቢ ነው። ከተቻለ በረዶውን ከሳንቲም ወይም ከመለኪያ ጎን አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱ። የወረደበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ። ቀን ተሳስቶ የተከፈተ ክሌም፣ በዚያ ቀን በአካባቢው በረዶ አልተመዘገበም ተብሎ ውድቅ ሊሆን ይችላል።

ውሃ እየገባ ከሆነ ግን መጠበቅ የለም። ጉዳቱ እንዳይባባስ መከላከል በፖሊሲው የተጻፈ የባለቤቱ ግዴታ ነው። ሸራ አልብሱ፣ ደረሰኙን ያዙ፣ ከማልበሱ በፊት ፎቶ አንሱ። ለዚህ የወጣው ወጪ ተመጣጣኝ እስከሆነ ይተካል። የተቀደደውን ሺንግል ጠግኖ መጣል ግን ማስረጃ ማጥፋት ነው፤ የወደቁትን ቁርጥራጮች አንድ ከረጢት ውስጥ አስቀምጧቸው።

አሁን አድጀስተሩ መጣ። በየተዳፋቱ 10 በ10 ጫማ የሆነ ሳጥን በጠመኔ ያሰምርና በውስጡ ያለውን የበረዶ ምት ይቆጥራል። ብዙ ጊዜ በአንድ ሳጥን ከ8 እስከ 10 ምት ሲገኝ ያ ተዳፋት ሙሉ በሙሉ ይቀየራል፤ ይህ ግን የመስክ ልማድ እንጂ በፖሊሲ የተጻፈ ሕግ አይደለም። የሚያጣላው ምቱ የበረዶ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። በረዶ ሲመታ ቅንጣቱን አርግፎ ጥቁሩን ያሳያል፤ ከሥሩ ያለውን የፋይበርግላስ ንጣፍ ይሰነጥቃል፤ በጣት ሲጫኑት እንደ ተቀጠቀጠ ፖም ልፍስፍስ ይላል። በሙቀት አብጦ የፈነዳ ሺንግል ግን ጠርዙ የተቆረጠ ይመስላል፣ ጉድጓዱ ትንሽ ነው፣ ሥሩም ጠንካራ ነው። የበረዶ ምት ሥርዓት የለውም፤ ትልቁና ትንሹ ተደባልቆ ንፋሱ በነፈሰበት በኩል ይበረታል። በመስመር የተደረደረ ወይም በአንድ ቦታ የተከማቸ ምልክት በእግር ወይም በመሣሪያ የመጣ ነው ተብሎ ይጣላል፤ መዶሻ ይዞ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ወሮበላ ኮንትራክተር መኖሩን አድጀስተሮች ያውቃሉ፤ እንዲህ ያለ ሰው ትክክለኛውን ክሌምም ያስበላል።

በንፋስ ክሌም የሚፈለገው ሌላ ነው። የጎደለ ሺንግል ለሁሉም ይታያል፤ የሚታለፈው ንፋስ አንስቶ አጥፎት ተመልሶ የተኛው ነው። የላይኛው ጫፍ አጠገብ አግድም የታጠፈበት መስመር ይታያል፤ ማጣበቂያውም ለቋል። ያ ሺንግል ዋጋው አልቋል። ጥቂቶቹን ብቻ እንቀይር ሲባል ደግሞ የመሰባበር ሙከራ ይደረግ፦ አጎራባቹን ሺንግል ቀስ ብሎ ማንሳት። ሲነሳ የሚሰበር ከሆነ ጥገና አይቻልም፤ አንዱን ለመቀየር በዙሪያው ያሉት ሁሉ ይበላሻሉ። ይህን በቪዲዮ መቅረጽ ብዙ ክርክር ይዘጋል።

አድጀስተሩ ሲመጣ የራሳችሁ ሩፈር (ጣሪያ ሠሪ) ጣሪያው ላይ አብሮት ይኑር። ሁሉም ተዳፋት መታየቱን፣ አሸንዳው፣ መተንፈሻው፣ የመስኮት ወንፊቱ፣ ኮርኒሱ ላይ ያለው የውሃ ምልክት መመዝገቡን ያረጋግጥ። አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ክሌሙን ስትከፍቱ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁና ጥያቄውን በኢሜይል ድገሙት። በድምፅ የሚቀረጽ ቃል ሲሰጥ ልጅን ማስተርጎም ልማድ ሆኗል፤ ይህ ይቅር። «ከዚህ በፊትም ትንሽ ያፈስ ነበር» የምትል በግዴለሽነት የተተረጎመች ዓረፍተ ነገር የቆየ ጉዳት ናት ተብላ ክሌሙን ልትጥለው ትችላለች፤ እርጅናና ቸልተኝነት በፖሊሲ አይሸፈኑምና።

አገልግሎቱ በጣም የሚጎድለው ከዚህ በኋላ በሚመጣው ወረቀት ላይ ነው። ግምቱ በአብዛኛው ኤክሳክቲሜት በተባለ ሶፍትዌር፣ በየአካባቢው የዋጋ ዝርዝር ተሠርቶ ይመጣል። ብዙ ሰው የመጨረሻውን ድምር ብቻ አይቶ ይናደዳል ወይም ይደሰታል። መነበብ ያለበት መስመር በመስመር ነው።

መለኪያው ስኩዌር ነው፤ 1 ስኩዌር 100 ካሬ ጫማ፣ ብዙውን ጊዜ 3 ባንድል ሺንግል ነው። የሚነሳው አሮጌ ሺንግል በትክክለኛው ስፋት ይጻፋል፤ የሚነጠፈው አዲስ ግን በቁርጥራጭ የሚባክነው ይጨመርበታል፤ ሁለት ተዳፋት ብቻ ላለው ቀላል ጣሪያ 10፣ በአራት በኩል ለሚወርድ ጣሪያ 15 በመቶ ገደማ። 28 ስኩዌር የሆነ ቀላል ጣሪያ ወደ 31 ስኩዌር ሺንግል ይፈልጋል ማለት ነው። ግምቱ ላይ የሚነሳውም የሚነጠፈውም 28 ከሆነ 3 ስኩዌር ጎድሏል።

በተለምዶ የሚረሱት እነዚህ ናቸው። በጣሪያው ጠርዝ የመጀመሪያ ሆኖ የሚነጠፈው ስታርተርና በአናቱ የሚደፋው ሪጅ ካፕ፦ «ከሚባክነው ውስጥ ይወጣል» ተብሎ ይተዋል፤ ሁለቱም ግን ለየብቻቸው በጫማ የሚለኩ ሥራዎች ናቸው። በጠርዙ ዙሪያ የሚታጠፈው የድሪፕ ኤጅ ቆርቆሮ፦ አሮጌው ቤት ባይኖረውም ከ2012 ወዲህ ያለው ዓለም አቀፍ የመኖሪያ ቤት የግንባታ ኮድ ለሺንግል ጣሪያ ግድ ይለዋል። በረዶ በሚጋገርበት ከተማ ደግሞ ከጠርዙ ጀምሮ ከውጭ ግድግዳው መስመር ቢያንስ 24 ኢንች ወደ ውስጥ የሚዘልቅ የሚጣበቅ ውሃ መከላከያ። የቧንቧ መውጫ ጎማዎች። ጣሪያው ከግድግዳ ወይም ከጭስ ማውጫ ጋር የሚገናኝበትን ስፍራ ውሃ እንዳያስገባ የሚሸፍነው ፍላሺንግ የሚባል ቆርቆሮ፤ አሮጌውን መልሶ መጠቀም የቆየ ማፍሰሻ ምክንያት ነው። ተዳፋቱ 7 በ12 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን የሚጨመረው የገደል ክፍያ፣ ባለ ሁለት ፎቅ ሲሆን የሚጨመረው የከፍታ ክፍያ፣ የከተማው የግንባታ ፈቃድ ዋጋ። የሶላር ፓነል ያለው ቤት ላይ ነቅሎ መልሶ የመግጠሙ ወጪ ብቻውን ሺዎች ስለሚሆን ግምቱ ላይ ከሌለ ሥራው አይጀመር።

ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ ቀለምና ወንፊት ተደርቦ ብዙ ዓይነት ባለሙያ የሚያስፈልግ ሲሆን ሥራውን ለሚያስተባብረው ኮንትራክተር 10 በመቶ ለአስተዳደር ወጪ፣ 10 በመቶ ለትርፍ መጨመር የተለመደ ነው። ኩባንያዎች ይህን በራሳቸው አያነሱትም፤ ሩፈሩ ምክንያቱን ጽፎ ይጠይቅ።

የጎደለው በሙሉ ሰፕልመንት በሚባለው ተጨማሪ ጥያቄ ይላካል፤ ፎቶ፣ ልኬትና የኮዱ ቁጥር ተያይዞ። ጊዜው ወሳኝ ነው። አሮጌው ሺንግል ሲነሳ የበሰበሰ ጣውላ ወይም ሁለተኛ ንብርብር ከተገኘ፣ አዲሱ ከመሸፈኑ በፊት ፎቶው ተነስቶ ኢሜይሉ መሄድ አለበት። ከተሸፈነ በኋላ ማስረጃ የለም። ኮድ ያስገደደው ተጨማሪ ወጪ የሚከፈለው ፖሊሲው የኦርዲናንስ ኦር ሎው ሽፋን ካለው ነው፤ ኤችኦ-3 በሚባለው የተለመደ የቤት ኢንሹራንስ ፎርም ይህ የከቨሬጅ ኤ 10 በመቶ ሆኖ አብሮ ይመጣል፤ ሌሎች ፎርሞች ግን አውጥተውታል፣ ወይም ለብቻው ያስገዛሉ።

ስለ ሩፈሮች። «ዲዳክቲብሉን እኛ እንችላለን» የሚል ሰው በር ላይ ሲቆም በሩን ዝጉበት። ኮሎራዶ ከ2012 ጀምሮ ኮንትራክተር ዲዳክቲብል እንዳይከፍል፣ እንዳይተው፣ እንዳይመልስ ከልክላለች። ቴክሳስ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 ጀምሮ ጠበቅ ያለ ሕግ አውጥታለች፤ ኩባንያው የተያዘውን ገንዘብ ከመልቀቁ በፊት ዲዳክቲብሉ የተከፈለበትን ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። በሁለቱም ክፍለ ሀገሮች ለሩፈር የክፍለ ሀገር ፈቃድ ስለሌለ ማጣራቱ የእናንተ ነው፦ የከተማ ምዝገባ፣ የኃላፊነት ኢንሹራንስ ወረቀት በቀጥታ ከኢንሹራንሱ ኤጀንት፣ ቋሚ አድራሻ።

የኮሎራዶ ሕግ ለባለቤቱ ጠንካራ ነው። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ኢንሹራንሱ ክሌሙን በሙሉ ወይም በከፊል ከከለከለ ባለቤቱ ይህን ካወቀ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ውሉን መሰረዝ ይችላል፤ ኮንትራክተሩም ዕቃው ቤቱ እስኪደርስ ወይም አብዛኛው ሥራ እስኪሠራ ድረስ ቅድሚያ የተቀበለውን ገንዘብ በአደራ መያዝ አለበት። ቴክሳስ ደግሞ ሩፈሩ ራሱ በሚሠራው ጣሪያ ላይ ስለ ክሌሙ እንዳይደራደር ትከለክላለች፤ የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 ይህን ሕግ አጽንቶታል። ሩፈሩ ልኬትና ዋጋ ያቀርባል፤ ስለ ፖሊሲው የሚከራከረው ባለቤቱ ወይም ፈቃድ ያለው ፐብሊክ አድጀስተር (ባለቤቱ ራሱ ቀጥሮ የሚያሠራው አድጀስተር) ነው። የፐብሊክ አድጀስተር ክፍያ በቴክሳስ ከክሌሙ 10 በመቶ አይበልጥም። ለትንሽ ልዩነት እሱን መቅጠር አያዋጣም፤ ሙሉ በሙሉ ለተከለከለ ትልቅ ጣሪያ ግን ያስኬዳል። የክሌም መብታችሁን ለኮንትራክተር የሚያስተላልፍ ወረቀት አትፈርሙ።

የሞርጌጅ ኩባንያው ስም ቼኩ ላይ አብሮ ሲመጣ ብዙዎች ይደነግጣሉ። ይህ የብድር ውሉ ውጤት ነው። ሎስ ድራፍት የሚባለውን ክፍላቸውን ደውላችሁ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የአድጀስተሩ ግምት፣ የተፈረመ ውል፣ የኮንትራክተሩ ደብሊው-9 የተባለ የግብር ቅጽ እና ሥራው ሲያልቅ ዕዳ የለም የሚል ፊርማ ነው። ትልቅ ገንዘብ ከሆነ በከፊል በከፊል ይለቃሉ፤ የመጨረሻውን ከመስጠታቸው በፊትም ሰው ልከው ያያሉ። ይህን ቀድማችሁ ለሩፈሩ ካልነገራችሁ ሳምንታት የሚወስደው መዘግየት ጠብ ይሆናል።

ከተከለከለስ? በመጀመሪያ የከለከሉበትን የፖሊሲ አንቀጽ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከዚያ በሌላ አድጀስተር እንደገና እንዲታይ አመልክቱ፤ የታለፈውን ተዳፋት በፎቶ ጥቀሱ። በቴክሳስ ኩባንያው ክሌሙን በ15 ቀን ውስጥ መቀበሉን ማሳወቅና ምርመራ መጀመር፣ የጠየቀው ሁሉ ከደረሰው በኋላ በ15 የሥራ ቀን መልስ መስጠት፣ እከፍላለሁ ካለ በ5 የሥራ ቀን መክፈል አለበት። በኮሎራዶ ያለ በቂ ምክንያት የዘገየ ወይም የተከለከለ ክፍያ በፍርድ ቤት የክፍያውን ሁለት እጥፍና የጠበቃ ወጪ ሊያስከፍል ይችላል። ለክፍለ ሀገሩ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ደግሞ ነፃ ነው፤ ኩባንያው በጽሑፍ እንዲመልስ ስለሚገደድ ፋይሉን ከፍ ያለ ሰው እንዲያየው ያደርጋል።

ክርክሩ ስለ ገንዘቡ መጠን ብቻ ከሆነ አፕሬይዛል የሚባለው አንቀጽ አለ። ሁለቱም ወገን በ20 ቀን ውስጥ የየራሱን ገማች ይመርጣል፤ ገማቾቹ ዳኛ ይሰይማሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ የተስማሙበት ዋጋ ይጸናል። የራስን ገማችና የዳኛውን ግማሽ መክፈል ስላለ ልዩነቱ ጥቂት ሺህ ዶላር ከሆነ አያዋጣም። ጉዳቱ ይሸፈናል ወይስ አይሸፈንም የሚለውን አይፈታም። አንቀጹን ያወጡ ፖሊሲዎችም ስላሉ አስቀድሞ መታየት አለበት።

የጊዜ ገደብ ነገር ላይ ብዙ ገንዘብ ይቀራል። ኩባንያው በመሐላ የተፈረመ የጉዳት መግለጫ ከጠየቀ በኤችኦ-3 መሠረት 60 ቀን አላችሁ። የተያዘውን የእርጅና ቅናሽ እጠይቃለሁ የሚለው ማሳሰቢያ በዚሁ ፎርም ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ ሌሎች ፎርሞች ጣሪያው በአንድ ዓመት ተሠርቶ እንዲያልቅ ይጠይቃሉ። ሩፈሩ ወረፋ በዝቶበት ጊዜው ከተቃረበ፣ ሳያልፍ በፊት ማራዘሚያ በኢሜይል ጠይቁ፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ሥራው ሲያልቅ የሚላከው የመጨረሻ ደረሰኝ፣ የከተማው ተቆጣጣሪ ያጸደቀበት ወረቀት፣ የዲዳክቲብሉ ክፍያ ማስረጃና ያለቀው ጣሪያ ፎቶ ነው። የደረሰኙ ድምር ከተገመተው ካነሰ ኩባንያው የሚለቀው እስከወጣው ድረስ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የተጨመረው ሥራ ሁሉ ደረሰኙ ላይ በዝርዝር መጻፉን ሳታዩ አትላኩ።